ሽታው የጠፋ ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ባለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጠዋት ጠዋት የሚነሳብህ ሳል ተሻለህ ወይስ አሁንም አለ? የምትበላው ታገኛለህ? የምታድርበት ቤት ጣራው አያፈስም? እኔ እንደምታውቀኝ ነኝ። እነሳለሁ፣ እሄዳለሁ፣ እሰፋለሁ። ዓይኔ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እየተሳነው ስለሆነ ልብስ ተኳሿ ጓደኛዬ ናት የምታስገባልኝ። ባስገባችልኝ ቁጥር «እንኪ የኔ ሙሽራ» ትለኛለች፣ እንድስቅላት ብላ። አንዳንድ ቀን እስቅላታለሁ።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ቆየት ብሏል። ትንሽ ጽፌ እተወዋለሁ፣ ሌላ ቀን ደግሞ እመለስበታለሁ። ወዲያና ወዲህ ካልኩብህ ታገሠኝ።

መጀመሪያ የእህትህ ነገር የደረሰኝን ቀን ልንገርህ። አንተ አልነበርክም። ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

ያን ቀን ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የአንሶላ ጠርዝ እየሰፋሁ ነበር። ቦታውን ታውቀዋለህ፤ ምድር ቤት ስለሆነ በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚ እግር ብቻ ነው። ረፋድ ላይ የሚሮጡ እግሮች አየሁ። ልብስ ተኳሿም አየቻቸውና «ምነው፣ ዛሬ ሚኒስትር ታመመ እንዴ?» አለች። ትንሽ ቆይቶ ተላላኪው አንድ ከረጢት እርጥብ ልብስ ወርውሮልን ተመለሰ። ስትፈታው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። አፍንጫዋን ይዛ «ኧረ ጉድ! ይሄ የበሰበሰ እንቁላል ነው ወይስ የሞተ አይጥ?» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች።

እኔ ግን አወቅሁት። እንዴት አላውቀውም? ያንተን የሥራ ልብስ ለብቻው ዘፍዝፌ፣ ለብቻው አሽቼ፣ ከሌላ ልብስ አርቄ የማሰጣው እኔ አይደለሁም? ቆዳ የሚነከርበት የኖራ ገንዳ ሽታ ነው። ልጄ፣ በልቤ የመጣኸው አንተ ነህ። ገንዳ ውስጥ ወድቀህ ታየኸኝ። መቀሱን ጥዬ ደረጃውን ወጣሁ። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የቆመችውን ነርስ «ከቆዳ ፋብሪካው የመጣ ሰው አለ? ረዘም ያለ፣ ቀጭን ልጅ?» አልኳት። «ከፋብሪካ ማንም አልመጣም እናቴ፣ የተማሪ ልጆች ናቸው» አለችኝ።

ግድግዳውን ተደግፌ ተመስገን አልኩ። አዎ፣ ተመስገን አልኩ።

አግዳሚው ወንበር ላይ ፀጉሯ የረጠበ፣ በሆስፒታል ብርድ ልብስ የተጠቀለለች ልጅ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ለጓደኛዋ «የቲቸር እንቁራሪት እናት ናቸው» አለቻት፤ አንተ ለእህትህ ባወጣህላት ስም። ቅድም እናቴ ያለችኝ ነርስ ወደ መጋረጃው ዞራ አየች። መጋረጃው ከእኔ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። ከወዲያ በኩል እህትህ ተኝታለች፤ ያለበሷት አንሶላ እኔ የሰፋሁት ነው። ጠርዙን ሳየው የራሴን ስፌት አወቅሁት።

ቀበርናት። ተማሪዎቿ መጡ። አንተን ሰው ሲጠይቀኝ «መንገድ ላይ ነው» አልኩ፤ ሁለተኛ ሲጠይቁኝ «አሞታል» አልኩ፤ በኋላ መጠየቁንም ተዉት። ከሥራ ባልደረቦችህ አንዱ፣ ያ ሁልጊዜ ኮፍያውን ወደ ኋላ የሚያዞረው፣ እጄን ሲጨብጠኝ ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዬ «እማማ፣ ፎርማኑ ነው፤ ከላይ ሰዎች ለጉብኝት ይመጣሉ ተብሎ ሁሉም ገንዳ ቶሎ ይደፋ አለ» አለኝ። «ይሄን ለምን ለሕግ አትናገርም?» ስለው እጄን ለቀቀ። «እኔ የልጆች አባት ነኝ» አለኝና ሄደ። እኔም የልጆች እናት ነኝ ልለው ነበር፤ አላልኩትም።

እህትህ እንዴት እንደምታስተምር ከሰው ሁሉ የምታውቀው አንተ ነህ። ሰባተኛ ክፍልን በወረቀት ላይ ወንዝ ማስተማር አይሆንላትም ነበር። «መጽሐፉ ላይ ያለው ወንዝ የማንም ወንዝ አይደለም» ትለኝ ነበር። ከተጣለ የአልጋ አጎበር መረብ አሰፍታኝ፣ አንተ ሽቦውን ጠምዝዘህላት፣ ልጆቹን ይዛ ወደ ወንዙ ትወርድ ነበር። ከመንገዱ በላይ፣ ውሃው ንጹሕ በሆነበት፣ ድንጋይ እያገላበጡ ከሥሩ የሚርመሰመሱትን ትንንሽ ነፍሳት ነጭ ሳህን ላይ ያወጧቸዋል። ጭራቸው ሦስት የሆነውን ሲያገኙ የሚጮኹትን ጩኸት ሰምተሃል። ከመንገዱ በታች፣ የፋብሪካው ቱቦ ከወንዙ ጋር በሚገናኝበት፣ ድንጋዩን ሲያገላብጡ ምንም የለም። ምንም። «አሁን እኔ እንድነግረው የሚፈልግ ማን አለ?» ትላቸው ነበር አሉ። አንዷን ወንዝ በሁለት ቦታ በእጃቸው እንዲነኩ ነበር የምትፈልገው።

ድስቴንስ ስንት ጊዜ አበላሸችብኝ። ቀይ ጎመን ቀቅላ፣ ውሃውን በጠርሙስ ሞልታ ትሄዳለች። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ቀይ ይሆናል፣ ኖራ ሲገባበት አረንጓዴ። የመጀመሪያ ቀን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ስታሳየን አንተ «ይሄማ ጥንቆላ ነው፣ ደመወዝሽ ካነሰሽ ድንኳን ተክለሽ ሰው አስገቢበት» አልካት። እሷ ደግሞ «ሽቶ፣ አንተ ዝም በል፣ እዚህ ቤት ውስጥ ያለ ጎመን ውሃ የሚታወቅ አንተ ብቻ ነህ» አለችህ። ሽቶ ብላ የምትጠራህ ለሽታህ ነው፤ አንተም እንቁራሪት ብለህ መልሰህባት ስሙ ትምህርት ቤት ድረስ ተከትሏት ሄደ። በልታችሁ እስክትነሱ ትነታረኩ ነበር። ያኔ ነው የሁለቱን ገንዳ ነገር የነገርካት። ኖራው በራሱ ቀን፣ አሲዱ በራሱ ቀን ነው የሚደፋው አልክ። ሁለቱ ቱቦ ውስጥ ከተገናኙ የሚወጣው አየር ሰው ይገድላል፣ መጀመሪያ ይሸታል፣ ሲበረታ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዘው ሽታው የጠፋ ይመስላል አልካት። ሽታው ሲጠፋ ነው መሸሽ ያለባችሁ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ዳገቱ፣ አልካት። እሷም ይህንኑ ለልጆቹ አስተማረቻቸው። እኔ ሳህን እያጠብኩ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ከልጆቹ ጋር ልትወርድ ስትል ሁልጊዜ አንተን ትጠይቅህ ነበር።

አሁን ወደ ማልወደው እመጣለሁ። ያን ቀን አንተ በንጋቱ ፈረቃ ገባህ። ምሳህን እኔ ቋጠርኩልህ፤ ድንችና ካሮት ነበር፤ ክዳኑ አልገጥም ብሎኝ በጨርቅ አሰርኩት። እህትህ ሻይዋን እየጠጣች ሳለ ደወልክላት። አንተን ባልሰማህም እሷን ሰምቻታለሁ። «ዛሬ ኖራ ብቻ ነው አይደል?» አለች። ቆየችና «እሺ ሽቶዬ፣ ከዳር ሆነን ቀለሙን አይተን እንመለሳለን» አለች። ስልኩን ስትዘጋ ፈገግታ ፊቷ ላይ ነበር። ጠርሙሷን ይዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋትም።

የሆነውን የነገረችኝ የክፍሉ አለቃ ናት፣ ያቺ ቁመቷ ከሌሎቹ የሚበልጠው፣ መነጽር የምታደርገው ልጅ። ቤት ድረስ መጣች፣ ወላጆቿ ሳያውቁ። ዳቦ አቀረብኩላት፤ ሳትነካው ነው የሄደችው። መጀመሪያ ከቱቦው አፍ በኩባያ የቀዱት ውሃ የጎመኑን ውሃ አረንጓዴ አደረገው አለችኝ፤ አጨበጨቡ። ጥቂት ቆይተው ሁለተኛ ኩባያ ቀዱ፤ ይሄኛው ቀይ ሆነ። ልጆቹ ደስ አላቸው፣ ሁለት ቀለም ስላገኙ። እህትህ ከበላይ በኩል ከሌሎቹ ጋር ነበረች። ቱቦው አፍ ላይ ከነበሩት አንዱ፣ ትንሹ ልጅ፣ «ቲቸር! ሽታው ጠፋ!» ብሎ ጮኸ። በደስታ ነው የጮኸው አለችኝ። ከወረዱ ጀምሮ አፍንጫቸውን ይዘው ስለነበር እጁን ለቆ እየሳቀ ጮኸ።

እህትህ ወዲያው ገባት። «ወደ ዳገቱ!» ብላ ጮኸች፤ ልጆቹ እንዳስተማረቻቸው ወደ ላይ ሮጡ። እሷ ወደ ታች ሮጠች። ቱቦው አፍ ላይ የነበሩትን ሁለት ልጆች ገፍታ አወጣቻቸው። ትንሹ ውሃው ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር፣ እንደደከመው ሰው። አንስታ ከዳገቱ ሥር ለቆሙት ትልልቅ ልጆች አቀበለችው። እሷ አልወጣችም። አለቃዋ «ቲቸርን ልንጎትታት ነበር፤ ግን ራሷ ናት በፍጹም ወደ ታች አትመለሱ ያለችን» አለችኝና መነጽሯን አውልቃ ትጠርግ ጀመር። መታዘዝ ቅጣት እንደሌለው ነገርኳት። ልጅ ነች፣ ይህን ብቻዋን ይዛ ማደግ የለባትም።

ትንሹ ልጅ እስካሁን ሆስፒታል ነው። ይተነፍሳል፣ ግን ስም ይጠፋበታል፤ እናቱን አንዳንዴ አክስቴ ይላታል። እናቱ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። «ያንቺ ልጅ ናት ልጄን እንዲህ ያደረገችው። ትምህርት ከክፍል ውጭ ምን ይሠራል?» አለችኝ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ያቀፍኩትን ንጹሕ አንሶላ እንደያዝኩ ቆሜ ሰማኋት። ስትጨርስ ለልጇ አልጋ የሚሆን ለስላሳውን መርጬ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። ግን አላየችኝም።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ነው የሚቀመጡት፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ። ሰብሳቢው ትሁት ሰው ነው። «እናታችን፣ ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ፋብሪካው የጻፈውን አነበበ። ያን ቀን ምንም ገንዳ አልተደፋም ይላል። የገንዳው ሠራተኛም፣ አንተን ማለታቸው ነው፣ ከዚያ ቀን በፊት ሥራውን ለቅቆ ሄዷል ይላል። ስለዚህ መምህርቷ በራሷ ቸልተኝነት ልጆችን ወደ አደገኛ ቦታ ወሰደች የሚል ረቂቅ ተዘጋጅቷል። አለቃዋ ልጅ ተነስታ የሁለቱን ኩባያ ነገር ተናገረች። አልተሳሳተችም፤ በአንድ ረፋድ ሁለት ቀለም፣ ማለት ሁለት ገንዳ። ከጠረጴዛው ዳር ያለው ሰውዬ «እንግዲህ በጎመን ልንፈርድ ነው» አለ። ሳቁ። ልጅቷ ተቀመጠች። ሰብሳቢው ራሱ አልሳቀም፤ «ልጄ፣ ገንዳውን የከፈተ ሰው ካልተናገረ የጎመን ውሃ ማስረጃ አይሆንልንም» አላት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እናታችን፣ ልጅዎ ያን ቀን ሥራ ገብቶ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

«አላስታውስም» አልኩ።

እንዲህ ነው ያልኩት። እህትህን በዚያች ቃል ሁለተኛ ቀበርኳት። ግን አንተም ልጄ ነህ።

የወንዙን ትምህርት አቁመዋል። ወደ ወንዙ የሚያወርደው በር በብሎኬት ተደፍኗል። መረቦቹን አንድ ላይ አስረው ዕቃ ግምጃ ቤት ወርውረዋቸዋል። በእህትህ ቦታ የመጣው መምህር ወንዙን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይስልላቸዋል አለችኝ አለቃዋ፤ ሰማያዊ ጠመኔ ስለሌለ በነጭ። እውነተኛው ወንዝ ደግሞ በመስኮት ይሸታቸዋል። ፋብሪካው ይሠራል። ባለፈው ውሃው እንደ ደም ቀልቶ ወርዷል፤ የታችኛው ሰፈር ሴቶች አሁንም ልብስ ያጥቡበታል። ረቂቁ ከጸደቀ ከእንግዲህ በየትኛውም ትምህርት ቤት ልጆችን ወደ ውጭ ይዞ የሚወጣ መምህር አይኖርም፤ ምክንያቱም እህትህ ትጠቀሳለች። ልጆችን ልታስጨርስ የነበረች ሴት ተብላ። ትንሹ ልጅም አድጎ ይህን ይሰማል፣ የተሸከመችው እሷ መሆኗን ሳያውቅ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የእህትህ ስልክ እኔ ጋ ነው። ልጆቹ ውሃ ውስጥ እንዳይጥሉባት ወደ ወንዝ ስትወርድ ሁልጊዜ መምህራን ክፍል መሳቢያ ውስጥ ትተወው ነበር። ዕቃዎቿን ሲሰጡኝ አብሮ ነበር። ከፈትኩት። ሽቶ የሚለው ስም ሙሉውን መስታወት ሞልቶታል፤ የደወልክላት፣ እንደገና የደወልክላት፣ እንደገና። ሰዓቱን አይቻለሁ። በዚያ ሰዓት ልጆቹ ገና ወደ ወንዙ እየወረዱ ነበር።

እወቅ፣ እሷን ልትጎዳ እንዳልፈለግህ ከዚያ ስልክ አውቄያለሁ። ለማንም ሳልናገር ብዙ ቀን ያጽናናኝ እሱ ነው። ፎርማኑ ከኋላህ ቆሞ ይጮኽብህ እንደነበር፣ እንጀራህን እንደሚያሳጣህ እንዳስፈራራህ አስባለሁ። እህትህ አታነሳም፤ አንተ ትደውላለህ። ግን ልጄ፣ በአንድ እጁ ስልክ የያዘ ሰው ሌላ እጅ አለው። ያ እጅህ የት እንደነበር አልጠይቅህም። እናት ናት ብለህ አትፍራኝ፣ እናት ናት ብለህም አትተማመንብኝ።

የሸሸኸው ከሕግ ይመስልሃል? እኔ ግን አይመስለኝም። ከእኔ ፊት ነው የሸሸኸው። በሩን ስትከፍት ምን እላለሁ ብለህ ነው። እኔ የምልህን ልንገርህ፤ «ግባ፣ እጅህን ታጠብ» ነው የምልህ። ከዚያ አብረን ወደዚያ አዳራሽ እንሄዳለን። ልብሴን ለውጬ፣ ክንድህን ይዤ፣ ከአጠገብህ እቀመጣለሁ። የሚያስሩህ ከሆነ ልብስህን እየወሰድኩ አጥባለሁ፤ ልማዴ ነው። ከምበላው ከፍዬ አመጣልሃለሁ። ይህ ሁሉ አይከብደኝም። የሚከብደኝ ሁለታችሁንም አጥቼ ስለ አንዷ ሲዋሽ መስማት ነው።

ብዙ ጊዜ ጠበቅሁህ። የበር መዝጊያ በጮኸ ቁጥር እነሳለሁ። ኮሚቴው የመጨረሻ ስብሰባ ሊቀመጥ ነው። ትናንት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሲነግረኝ ቤት ገብቼ ጀምሬ የተውኩትን ይህን ወረቀት አወጣሁ።

አድራሻህን አላውቅም። አንተን የሚፈልገው መርማሪ አንድ ጊዜ «ለልጅዎ የሚጽፉት ካለ ለእኛ ይስጡን፣ ስናገኘው እናደርስልዎታለን» ብሎኝ ነበር። በሰዓቱ ተቆጥቼ ነበር የወጣሁት። አሁን ግን ልሰጠው ነው። ፖስታውን አላሸግሁትም፤ ስልኩንም አብሬ አድርጌበታለሁ። ቃሌን በአዳራሹ ፊት ቆሜ ለመናገር ጉልበቱ የለኝም፤ ያንተን ስም ሳነሳ እወድቃለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ምሳህን የቋጠርኩት በጨርቅ መሆኑን ሳይቀር ጻፍኩት።

ከእነርሱ ቀድመህ ብትመጣ እንዴት ደስ ባለኝ። ሰው ሲያመጣህና ራስህ ስትመጣ አንድ አይደለም፤ ለእህትህም አንድ አይደለም።

የወጣህበትን መንገድ ፈጣሪ ወደ ቤት ይመልሰው። ክፉ ሰው አያግኝህ፣ ብርድ አያግኝህ። ደረትህን ይጠብቅልህ። ስትተኛ የእህትህ ሳቅ እንጂ የመጨረሻዋ ቀን አይታይህ። የወለደችህ ማሕፀን አትረግምህም፤ ይህን እወቅ፣ በዚህ ላይ እደር።

እናትህ

ከልጄ በፊት ይህን ደብዳቤ ለምታነቡት፤ መርማሪም ሁኑ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊም ሁኑ እንዲያው እጃችሁ የገባ ሰው፤ አላስታውስም ያልኳችሁ ሴት እኔ ነኝ፤ አስታውሳለሁ። የጻፍኩትን እንደፈለጋችሁ አድርጉት። ወደ ሥራችሁ ከመግባታችሁ በፊት ግን ወረቀቱን አንዴ አስቀምጡትና፣ ልጆቹን ወደ ዳገት ልካ ራሷ ወደ ታች ለሮጠችው ለልጄ ነፍስ፣ እንደየእምነታችሁ፣ ጸልዩላት።